ትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ

ዛሬ የማወጋችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ስለተዘረጋው ኔትወርክ ነው። ኔትወርኩ አሁን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ማንም ቆሞ ያየዋል። ትናንትስ እንዴት ዋለ? ባለፈው ወርስ? አምና በዚህ ጊዜስ? ይህን የሚመልሰው መረጃ ከየት እንደሚመጣ፣ በማዕከል ሲከማች ምን እንደሚተርፍና ምን እንደሚጠፋ እንነጋገራለን። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ፤ መሃል ላይ ጥቂት ሒሳብ አለ።

“ሲስተም የለም” የምትለዋን ቃል የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ወረፋ ጠብቀን፣ ተራችን ደርሶ፣ ደብተራችንን በመስኮቱ አሳልፈን ስንሰጥ፣ ከመስተዋቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ አንገቷን ነቅንቃ “ሲስተም የለም” ትለናለች። እሷም ከዚያ በላይ አታውቅም፤ እኛም ወንበር ፈልገን እንቀመጣለን። ከሰዓት በኋላ ሲስተሙ ይመለሳል፤ ለምን እንደሄደ ሳይታወቅ ነገሩ ይረሳል። ማሽን ነውና መሄዱን እችለዋለሁ። በኔትወርክ ሙያ ስኖር ሲያንገበግበኝ የኖረው መረሳቱ ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በየከተማው ቅርንጫፍ ባለው አንድ ድርጅት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የኔትወርክ ክትትል እሠራ ነበር። በአንዱ ቅርንጫፍ ጡረታ የቀረባቸው፣ ገንዘብ ተቀባይ የሆኑ አንድ እናት ነበሩ። “ከ3፡30 ጀምሮ ኮምፒዩተሩ አይታዘዝም፤ አንድ ደረሰኝ እስኪወጣ ደንበኛው ቆሞ ይደክመዋል፤ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ማንም ሳይነካው ይለቀዋል” ብለው በእጃቸው ጽፈው አመለከቱ። በየቀኑ ነው አሉ። ደንበኛ ደግሞ ኔትወርኩን አያየውም፤ የሚያየው እሳቸውን ነው። “ሴትየዋ እጃቸው ይዘገያል” የሚል ወረቀት አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ይገባ ጀመር።

የመጀመሪያው ማመልከቻ ሲደርሰን አንድ ባልደረባዬ ግራፉን ከፍቶ አየና “በተባለው ሰዓት ምንም የለም” አለ። ጉዳዩ ተዘጋ። ለምን እንዳላየው በኋላ እመለስበታለሁ። ቆይቶ ቅርንጫፉ ለዕድሳት ተዘጋ። በሴትየዋ ላይ የቀረበው ቅሬታ ግን በሰው ኃይል በኩል ቀጥሎ ኖሮ፣ ከሁለት ወር በኋላ “አጣሩ” የሚል ደብዳቤ ወደኔ መጣ። የቅርንጫፉ መስመር 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ከማዕከላዊው ሰርቨር የእነዚያን ቀናት መዝገብ ሳወጣ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ቁጥር ብቻ አገኘሁ፤ የቀኑን አማካይ። እሱም 1.25 ሜጋቢት ነበር። የመስመሩ ስምንተኛ እጅ መሆኑ ነው። “መስመሩ አልተጨናነቀም” ብዬ ፈርሜ ላክሁ። በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። “ልጄ” አሉኝ፣ “አንተም ውሸታም አደረግኸኝ እኮ።”

ወረቀታችሁን አንሱ። በቀን ውስጥ 1,440 ደቂቃ አለ። መስመሩ ለ40 ደቂቃ ጢም ብሎ ሞልቶ 10 ሜጋቢት ተሸከመ እንበል፤ በቀሪው 1,400 ደቂቃ ደግሞ 1 ሜጋቢት ብቻ። 40 በ10 ሲባዛ 400፤ 1,400 በ1 ሲባዛ ያው 1,400፤ ድምሩ 1,800። ይህን ለ1,440 አካፍሉት። 1.25 ይወጣል። ሴትየዋ የተናገሩትና እኔ የፈረምኩበት ቁጥር አይጣሉም ማለት ነው። የኔ መዝገብ የሳቸውን 40 ደቂቃ በሌሊቱ ባዶ ሰዓት በርዞት ነበር።

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ራውተርና ስዊች በየፖርታቸው ቆጣሪ አላቸው። የቤታችንን የመብራት ቆጣሪ አስቡት። ቆጣሪው መቼ ምን እንደተጠቀምን ታሪክ አይጽፍም፤ ከተተከለ ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ ይደምራል እንጂ። አንባቢው በወሩ ይመጣል፣ የዛሬውን ቁጥር ይጽፋል፣ ካለፈው ወር ያቀናንሳል፣ ልዩነቱ ፍጆታችን ይሆናል። የኔትወርኩ ቆጣሪ አንባቢ ኤስኤንኤምፒ የሚባለው የአሠራር ደንብ ነው። የመጀመሪያው ሰነዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ዛሬም እንጀራ የሚበላበት ሰው ብዙ ነው። ማዕከላዊው ሰርቨር በየ5 ደቂቃው መሣሪያውን “ቆጣሪህ ስንት ደረሰ?” ይለዋል። ቀድሞ 1,000,000,000 ባይት ከነበረና አሁን 1,375,000,000 ካለ፣ ልዩነቱ 375 ሚሊዮን ባይት ነው። በ8 አባዝተን ወደ ቢት እንለውጠው፤ ለ300 ሰከንድ እናካፍለው፤ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢት፣ ማለትም 10 ሜጋቢት ይሆናል። የሴትየዋ መስመር ጢም ሲል ንባቡ እንዲህ ነበር የሚመስለው።

ቆጣሪው የራሱ ጣጣ አለው። የድሮው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይገለበጣል፤ የመኪና ኪሎሜትር መቁጠሪያ ዘጠኞቹን ጨርሶ ከዜሮ እንደሚጀምረው። በ10 ሜጋቢት መስመር ላይ፣ መስመሩ ሞልቶም እንኳ ለመገልበጥ 57 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በየ5 ደቂቃው የሚጠይቅ ሰርቨር ነገሩን ተረድቶ ያርመዋል። በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ግን በ34 ሰከንድ ይገለበጣል። በሁለት ንባብ መካከል ስምንት ጊዜ ሊዞር ይችላል፤ ሰርቨሩም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የተሳሳተውን ቁጥር እንደ እውነት ይዞ ለዓመታት ያኖረዋል። ስለዚህ ፈጣን መስመር ላይ የሚነበበው ባለ 64 ቢቱ ቆጣሪ መሆን አለበት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ቆጣሪው ከዜሮ ስለሚነሳ፣ ደህና ሥርዓት ከቆጣሪው ጋር “ከተነሳህ ስንት ጊዜህ ነው?” ብሎ አብሮ ይጠይቃል።

የተነበበው ሁሉ የት ይደር? እዚህ ላይ ቶቢያስ ኦቲከር የሚባል ሰው ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ፣ ዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። ያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ከውጭው ዓለም የሚገናኘው በአንድ ባለ 64 ኪሎቢት መስመር ነበር። ዛሬ በእጃችን የያዝነው ስልክ ያንን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። መስመሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ሁሉም እንዲያየው ብሎ ኤምአርቲጂ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። በ1999 ደግሞ አርአርዲቱል የተባለውን፣ ለማከማቻና ግራፍ ለመሥራት የተዘጋጀውን መሣሪያ አወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ የክትትል ሥርዓቶች በዚህ ሰው ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው።

የኦቲከር ዘዴ እንዲህ ነው። መዝገቡ መጠኑ ከመጀመሪያው የተወሰነ ነው፤ አያድግም፤ ዲስክ አያጣብብም። በየ5 ደቂቃው የተነበበው 600 ንባብ ድረስ፣ ማለትም ሁለት ቀን ያህል እንዳለ ይቀመጣል። ከዚያ የቆየው በግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ የባሰ የቆየው በሁለት ሰዓት አማካይ እየሆነ እየተጨመቀ ይሄዳል፤ የሁለት ሰዓቱ 50 ቀን ይደርሳል። ከ50 ቀን ወዲያ የሚቀረው በቀን አንድ ቁጥር ነው፤ እሱ ሁለት ዓመት ይቆያል። ዲስክ ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። የሁለት ወሩ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን 50ው ቀን አልፎ ነበር። አርአርዲቱል ከአማካይ ጋር ዝቅተኛውንና ከፍተኛውንም እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል። እኛ አላዘዝነውም። ስናቋቁመው ማንም “ከሁለት ወር በኋላ ምን ብለን ልንጠይቀው ነው?” ብሎ አላሰበም።

ይህን ሳስብ ዓባይ ትዝ ይለኛል። ካይሮ ውስጥ፣ ሮዳ በምትባለው ደሴት ላይ፣ የወንዙን ከፍታ የሚለኩበት ምሰሶ አለ። የዛሬው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ861 የታነጸ ነው፤ የደረሰን የልኬት መዝገብ ግን ከ622 ይጀምራል። የሚለካው ጎርፍ አብዛኛው በኛ ደጋ የዘነበ ዝናብ ነው፤ ጎጃም ላይ ክረምቱ ሲከብድ እዚያ ምሰሶው ላይ ምልክቱ ይወጣል። መዝጋቢዎቹ በየዓመቱ የጻፉት አማካዩን አልነበረም። ወንዙ የደረሰበትን ዝቅተኛና የደረሰበትን ከፍተኛ ነው። መሬቱ ውኃ ጠጥቷል ወይ? ግብር ይጣላል ወይ? ይህን የሚመልሱት ሁለቱ ጫፎች ናቸውና።

ሃሮልድ ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ የውኃ ባለሙያ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መዝገቡን አገላበጠ። ዕድሜውን በግብፅ ያሳለፈ ሰው ነው። ጥያቄው ለዓመታት የሚበቃ ውኃ ለመያዝ አንድ ግድብ ምን ያህል ይሁን የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከፍ ያሉ ዓመታት ከፍ ካሉት ጋር፣ ዝቅ ያሉት ዝቅ ካሉት ጋር እየተከታተሉ እንደሚመጡ አሳየ። ሰባት ዓመት ጥጋብ፣ ሰባት ዓመት ረሀብ ለምናውቅ ለኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሳንቲም እንደመወርወር ቢሆን ኖሮ ትርፉና ጉድለቱ ቶሎ ይቻቻል ነበር፤ ወንዙ ግን ያለፈውን ያስታውሳል። የዚህን ትዝታ መጠን የምትለካው ቁጥር እስከ ዛሬ በኸርስት ስም ትጠራለች።

ይህ ከኔትወርክ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ቤልኮር በሚባል የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 በተቋሙ የኤተርኔት ኔትወርኮች ላይ ያለፈው ፓኬት በተለያየ ጊዜ እየተመዘገበ ተቀመጠ። ዊል ሌላንድ፣ ሙራድ ታቁ፣ ዋልተር ዊሊንገርና ዳንኤል ዊልሰን ያንን ክምችት መርምረው በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የኔትወርክ ትራፊክ እንደ ዓባይ ነው አሉ፤ የተጠቀሙበትም መለኪያ የኸርስት ቁጥር ነበር። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሶች ትራፊኩ በረዥም ጊዜ ሲታይ ይለሰልሳል፣ ሞገዱ ይስተካከላል ብለው ያምኑ ነበር። እነሱ ግን በሰከንድ መቶኛ ቢያዩት፣ በሰከንድ ቢያዩት፣ በ100 ሰከንድ ቢያዩት ሞገዱ ሞገድ ሆኖ አገኙት። በደጋችን ዝናብ የተጀመረ ስሌት የኮምፒዩተር ኔትወርክን ባሕርይ ገለጠ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ሁለቱም ግኝቶች የተገኙት ጫፎቹ በአማካይ ሳይዋጡ ከተቀመጠ ታሪክ መሆኑንም ልብ በሉልኝ፤ አንዱ የዘመናት፣ ሌላው የዓመታት።

ወደ ሥራችን እንመለስ። መረጃ ሲያረጅ መጨመቁ አይቀርም፤ ሲጨመቅ ግን ከአማካዩ ጎን ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን አስቀሩ። ዛቢክስ የሚባለውን፣ ላትቪያዊው አሌክሲ ቭላዲሼቭ የጀመረውን ሥርዓት የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፤ ዝርዝሩን “ሂስትሪ” ብሎ ለአጭር ጊዜ ይይዝና፣ “ትሬንድ” ብሎ ደግሞ ለየሰዓቱ ዝቅተኛውን፣ አማካዩን፣ ከፍተኛውንና የንባቡን ብዛት ለረዥም ጊዜ ያኖራል። የሴትየዋ ቀን በዚህ መልክ ተቀምጦ ቢሆን ከዓመት በኋላም 10 የምትለው ቁጥር ከነሰዓቷ ትገኝ ነበር።

መስመር የሚያከራዩ ኩባንያዎች ሒሳብ የሚያወጡበት አንድ ዘዴም አለ፤ የወሩን ንባብ በቅደም ተከተል አሰልፈው ከላይ ያለውን 5 በመቶ ይጥሉና ከቀሪው በትልቁ ቁጥር ያስከፍላሉ። በ30 ቀን ውስጥ 8,640 የ5 ደቂቃ ንባብ አለ፤ የሚጣለው 432 ነው፣ 36 ሰዓት ማለት ነው። የሴትየዋ 40 ደቂቃ በቀን 8 ንባብ፣ በወር 240 ንባብ ነው። ጠቅላላው መከራቸው ከሚጣለው ውስጥ ይወድቃል። ለሒሳብ ደህና መለኪያ ይሆን ይሆናል፤ አገልግሎት ለመመዘን ግን ባትነኩት ይሻላል።

በማዕከል ማከማቸት ለምን አስፈለገ? እኛም መጀመሪያ ላይ በየቅርንጫፉ አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር አስቀምጠን የራሷን ቅርንጫፍ ትመዘግብ ነበር። አንድ ክረምት አንዱ ቅርንጫፍ መብረቅ መታው። ኮምፒዩተሯም፣ ዲስኳም፣ የስምንት ወር መዝገቧም አብረው ሄዱ። ራውተሩን በሁለት ቀን ተካነው፤ ታሪኩን ግን ከየት ገዝተን እንተካዋለን? ሌላም ነገር አለ። አሥር ቅርንጫፎች በአንድ ደቂቃ አብረው ቢዳከሙ ችግሩ ያለው እነሱ ዘንድ አለመሆኑን የሚያሳየው አሥሩም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። አንድ ቦታ ሲከማች ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ፣ ዘንድሮ ከአምና ይመሳከራል።

በማዕከል ማከማቸት ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ማዕከሉ ቅርንጫፉን የሚጠይቀው በዚያው በሚቆረጠው መስመር ነው። መስመሩ ሲቆረጥ ጥያቄውም አይደርስም፤ መረጃው በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት መዝገቡ ላይ ክፍተት ይሆናል። መፍትሔው በየቅርንጫፉ ፕሮክሲ ማስቀመጥ ነው። ፕሮክሲው እዚያው ቆጣሪውን ያነባል፣ ያነበበውን ይይዛል፣ መስመሩ ሲመለስ ለማዕከሉ ይልካል። እዚህ ላይ የምለምናችሁ አለኝ። የዛቢክስ ፕሮክሲ ማዕከሉን ሲያጣ፣ ካልነካችሁት በቀር፣ ያልተላከውን የሚይዘው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። መስመራችን ሲቆረጥ በአንድ ሰዓት የሚመለስበት ቀን ስንት ነው? ቁፋሮ ላይ ያለ ማሽን ፋይበሩን በጥሶት ማግሥቱን የሚጠገንበት አገር ነውና፣ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን እንዲይዝ አድርጉት። አንዲት መስመር የምትለወጥበት ሥራ ነው።

ክፍተቱንም በዜሮ አትሙሉት። ዜሮ “ጠይቄ ምንም አላለፈም ተባልሁ” ማለት ነው። ክፍተት ደግሞ “መልስ አላገኘሁም” ማለት ነው። አንዱ እሑድ ቀን የተዘጋ ቢሮ ነው፤ ሌላው የተቆረጠ ፋይበር። ለግራፉ ማማር ተብሎ ክፍተቱ በዜሮ ሲሞላ አይቻለሁ። የዚያ ወር አማካይ ሐሰት ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ባልደረባዬ ለምን እንዳላየ ልንገራችሁ። ማመልከቻው የሚለው “ከ3፡30 ጀምሮ” ነው፤ ጠዋት መሆኑን ሴትየዋ መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ ሥራ የሚገባው ጠዋት ነውና። ሰርቨራችን ደግሞ ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ የተሞላ ነበር። ባልደረባዬ በችኮላ ግራፉ ላይ 3፡30 የሚለውን ቦታ አየ። ያ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ የቅርንጫፉ በር እንኳ አልተከፈተም። የሴትየዋ 3 ሰዓት ተኩል በፈረንጅ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ሰዓት 9፡30 ነው፤ በዩቲሲ 6፡30። አንዲት ደቂቃ ሦስት ስም አላት። ማየት የነበረበት ቦታ በጣት ርዝመት ወደ ቀኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ዝርዝሩም አልጠፋም ነበር።

የኔ ምክር እንዲህ ነው፤ ማከማቻው ውስጥ ሁሉም በዩቲሲ ይቀመጥ፤ እሱ ላይ አትደራደሩ። መሣሪያዎቹ ሁሉ ሰዓታቸውን ኤንቲፒ በሚባለው ዘዴ ከአንድ ምንጭ ያስተካክሉ። አንዱ ራውተር 7 ደቂቃ ቀድሞ ከሄደ የቱ ችግር የቱን እንደወለደ መለየት አይቻልም። ለሰው ሲቀርብ ግን በአገሩ ሰዓት ይቅረብ፤ ማመልከቻ የሚቀበለው ቅጽም “ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት” የሚል ሳጥን ይኑረው። ትንሽዬ ሳጥን ናት! እሷ ኖራ ቢሆን አንዲት እናት ሁለት ወር ባልተንገላቱ ነበር።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልበል። መሣሪያዎች ፖርታቸውን ለክትትል ሥርዓቱ የሚያስተዋውቁት በተራ ቁጥር ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ወይም ካርድ ሲጨመርበት፣ ቁጥሩን እንደገና ያድላል። ትናንት 7 የነበረው ዛሬ 9 ይሆናል። ሥርዓቱ በቁጥር ብቻ ከያዘው የሒሳብ ክፍሉ ታሪክ በሌሊት የመጋዘኑ ታሪክ ይሆናል፤ ማንም አያስተውለውም። በስም ያዙት። መሣሪያ ሲያረጅና ሲነሳም ከሥርዓቱ አትሰርዙት፤ ብዙዎቹ ሥርዓቶች መሣሪያውን ሲሰርዙ ታሪኩን አብረው ይጠርጋሉ። ክትትሉን አጥፉ፤ መዝገቡን ተዉት።

“ይህን ሁሉ የት እናስቀምጠዋለን? ዲስክ ከየት ይመጣል?” የሚል ኃላፊ ሁልጊዜ አለ። እርሳሳችሁን አንዴ ደግሞ አንሱ። 100 ስዊች፣ በያንዳንዱ 24 ፖርት፣ በየፖርቱ 4 ቆጣሪ፤ የገባው፣ የወጣው፣ ሲገባ የተበላሸው፣ ሲወጣ የተበላሸው። 9,600 ቆጣሪ ሆነ። በ5 ደቂቃ አንዴ ሲነበብ በቀን 288 ጊዜ ነው፤ በቀን 2,764,800 ንባብ፤ በዓመት አንድ ቢሊዮን ትንሽ አለፍ ይላል። ንባቡንና ሰዓቱን በ16 ባይት ብንይዘው በዓመት 16 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ስልካችን ውስጥ ያለው ካርድ ይችለዋል። በተራ ዳታቤዝ ውስጥ ማውጫው ተጨምሮበት ያን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን አንድ ተራ ዲስክ አይሞላም። የፌስቡክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2015 ጎሪላ ብለው ባሳወቁት ዘዴ ደግሞ 16ቱን ባይት በአማካይ ወደ 1.37 ባይት አውርደውታል፤ ተከታታይ ንባቦች ስለሚመሳሰሉ ልዩነታቸውን ብቻ በመጻፍ። ስለዚህ የ1995ቱን የዲስክ ቁጠባ ይዘን በዛሬ ዲስክ ላይ ታሪክ የምንጨምቅበት ምክንያት አይታየኝም። ዝርዝሩ ቢያንስ 13 ወር ይቆይ፤ የዘንድሮን መስከረም ከአምናው መስከረም ጎን ለማየት የሚበቃ። ሥርዓቱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውንም ቀን አትመኑ፤ ፕሮሜቴየስ የተባለው ታዋቂ መሣሪያ ካልተነገረው በቀር የሚያስታውሰው 15 ቀን ነው።

ጥበቃውን በአጭሩ ልለፈው። ማዕከላዊው ማከማቻ የመሥሪያ ቤቱ ካርታ ነው፤ የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ፣ ቢሮው መቼ ባዶ እንደሆነ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ የኤስኤንኤምፒ ዓይነቶች የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍኑ ነው የሚልኩት፤ ሦስተኛውን ዓይነት ተጠቀሙ። ማን ከየትኛው አድራሻ ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየው የፍሎው መዝገብ ደግሞ የሰው ገመና ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ እሱን ያላነበበ የፍሎው መዝገብ ባያከማች እመርጣለሁ። የቆጣሪ ታሪክ ለዓመታት ይቆይ፤ የሰዎች ግንኙነት መዝገብ ግን ሥራው ሲያልቅ ይጥፋ። የማከማቻው ባክአፕም ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይኑር፤ በዓመት ሁለቴ አውጥታችሁ መልሳችሁ በመጫን ሞክሩት። ተሞክሮ የማያውቅ ባክአፕ ላይ ተማምኖ የተኛ ሰው አውቃለሁ።

ቅርንጫፉ ዕድሳቱን ጨርሶ ሲከፈት የዚያን ቅርንጫፍ ንባብ በየደቂቃው አደረግሁት፤ ከፍተኛውም እንዲያዝ፣ ዝርዝሩም እንዳይጨመቅ። በሁለተኛው ቀን ታየ። ጠዋት ልክ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መስመሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ወጥቶ 10 ላይ ይደርሳል፤ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ 4 ሰዓት ከ10 ላይ ይወርዳል። በየስዊቹ ፖርት ወርደን ስናየው ኮምፒዩተሮቹ በሙሉ በአንድ ሰዓት የአንቲቫይረስ አፕዴታቸውን እያንዳንዳቸው ከኢንተርኔት ያወርዱ ነበር። ያን ሰዓት የሞላው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የኛው ክፍል። አንዲት ኮምፒዩተር አፕዴቱን ሌሊት አውርዳ ለሌሎቹ እንድታድል አደረግን።

ደብዳቤዬን በደብዳቤ ሻርሁት። የበፊቱንና የበኋላውን ግራፍ አትሜ ለሥራ ወደዚያ ስሄድ ራሴ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ወረቀቱን ከደረሰኝ ደብተሩ ላይ ዘርግተው ትንሽ አዩት። የሰዓቱ ጽሑፍ በሳቸው አቆጣጠር ነበር የታተመው። ጣታቸውን ጠፍጣፋው አናት ላይ አድርገው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ከ10 ድረስ በዝግታ አስኬዱት። “ይቺው ናት” አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አራት አጥፈው በቦርሳቸው ከተቱና ወደ ወረፋው ተመለሱ።